ወፍጮ ቤት ያደረችው መኪና

ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ለከተማችን ማዘጋጃ ቤት
ለከተማችን የኤሌክትሪክ አገልግሎት መስጫ ማዕከል
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ በከተማችን የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጅ ማድረጊያ ስለ ማስጀመር

የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች፣

ስሜን ብጽፍላችሁ አታውቁኝም። እናቴን ግን ሳታውቋት አትቀሩም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያው መግቢያ ላይ ቅቤ የምትሸጠው ናት። እኔ እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ ተምሬ፣ ኑሮዬን አዲስ አበባ ያደረግሁ የታክሲ ሾፌር ነኝ። ከሁለት ዓመት ወዲህ የምነዳት መኪና በኤሌክትሪክ የምትሠራ ናት። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ባለፈው መስቀል የደረሰብኝ ነገር ነው። ደረሰብኝ ከምል ግን አደረስኩ ብል ይቀርባል።

የከተማችንን ስም ደብዳቤው ላይ ያልጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። ማንንም ለማሳጣት አልመጣሁም። ደግሞም ከዓለምገና ተነስቶ፣ ጢያንና ቡታጅራን አልፎ፣ በወራቤ በኩል ሆሳዕና የሚገባው መንገድ ላይ ካሉት ከተሞች የትኛዋም ብትሆን የምለው ነገር ብዙ አይለወጥም። እናንተ ራሳችሁን ታውቃላችሁ፤ ሌላውም አንብቦ ራሱን ካገኘበት ደብዳቤው የእሱም ነው።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። የደመራው ዋዜማ፣ መስከረም 15 ቀን፣ አገር ቤት የሚገባው ሁሉ ስለሚነሳ አዲስ አበባ ውስጥ የቻርጅ ሰልፉ አይጣል ነበር። ተራዬን ልጠብቅ ብል ሊመሽብኝ ሆነ። ስለዚህ ባትሪዋ 68 ፐርሰንት እንዳላት ባለቤቴን፣ ሁለት ልጆቼንና የአጎቴን ልጅ፣ ከነዕቃችን ጭኜ ወጣሁ። 140 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቼ ከተማችን ስገባ 23 ፐርሰንት ቀርቷታል። ለመድረስ በቅቷል፤ ለመመለስ ግን አይበቃም። "እናቴ ቤት ሶኬት ላይ እሰካታለሁ፤ ሁለት ሌሊት ካደረች ትሞላለች" ብዬ ነበር የመጣሁት።

እህቴ ለበዓሉ እንጀራ እየጋገረች ነበር። ገመዱን በኤክስቴንሽን ቀጥዬ፣ በመስኮት አሳልፌ ሰካሁት። አምስት ደቂቃ አልቆየም፤ ቤቱ ጨለመ። የእኛ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ከእኛ ቆጣሪ የሚካፈሉት ሁለቱ ጎረቤቶቻችንም አብረው ጨለሙ። ብሬከሩን መለስነው፤ ተመልሶ ወደቀ። ሦስተኛ ስንሞክር የኤክስቴንሽኑ ራስ ቀልጦ ሽታው ቤቱን ሞላው። ምጣዱ ላይ ያለው እንጀራ ዳር ዳሩ በስሎ መሐሉ ሊጥ እንደሆነ ቀረ። እናቴ ሻማ ለኩሳ አየችኝና "ልጄ፣ መኪናህ እንጀራዬን በላችው" አለችኝ። ሳቅን። ጎረቤቶቻችን ግን አልሳቁም፤ አልፈርድባቸውም።

ያን ሌሊት ያዳነኝ የሰፈራችን ባለ ወፍጮ ነው። "እኔ ቀን ለሰው እፈጫለሁ። ማታ ሞተሬ ተኝቶ ነው የሚያድር። አምጣት" አለኝ። ወፍጮ ቤቱ ባለ ሦስት ፌዝ መስመር አለው፤ ሽቦው ወፍራም፣ ብሬከሩ ጠንካራ ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ሰካኋት። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ስመለስ ቆጣሪው 30 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ቆጥሯል፤ ባትሪዋም 68 ሆናለች። ከአዲስ አበባ ስነሳ በነበረኝ ልክ ማለት ነው። ከላይዋ ላይ የዱቄት ብናኝ ተኝቶባታል፤ ልጆቼ በጣታቸው "መስቀል" ብለው ጻፉበት።

"ስንት ልክፈል ጋሼ?" አልኩት።

"እኔ ምኑን አውቄ? የጤፍ ዋጋ በኪሎ አውቃለሁ። የመኪና በምን ይለካል?"

"ይኸም በኪሎ ነው፤ በኪሎ ዋት።"

ከት ብሎ ሳቀና የመብራቱን ብቻ ተቀበለኝ። ከዚያ ግን ቀልዱን ትቶ አንድ ነገር ጠየቀኝ፦ "ነገ ሌላ ሰው ቢመጣስ? ላስከፍል ይፈቀድልኛል? ወይስ መብራት ቸረቸርክ ብለው ይቆርጡብኛል?" መልሱን አላውቀውም ነበር። እሱም በዓሉ ካለፈ በኋላ ወደ አንድ ቢሮ ሄዶ ጠየቀ። ወደ ሌላ ላኩት። ሁለተኛው ወደ መጀመሪያው መለሰው። ደብዳቤዬ በዋናነት የዚህ ሰውዬ ጥያቄ ነው፤ ሌላው ሁሉ ማብራሪያ ነው።

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

የኤሌክትሪክ መኪና ጉዳይ የጥቂት ሰዎች ፋሽን የነበረበት ጊዜ አልፏል። መንግሥት በኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ የነበረውን የተጨማሪ እሴት፣ የኤክሳይዝና የሱር ታክስ አንስቶ፣ ተበታትነው ለሚገቡት የጉምሩክ ቀረጡንም ዜሮ አደረገ። ከዚያ በጥር 2016 የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን ለምክር ቤት ተናገሩ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አገሪቱ በየዓመቱ ቢሊዮኖች ዶላር ለነዳጅ ታወጣለች፤ ውሃችንና ዝናባችን ግን የራሳችን ናቸው። ዛሬ ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር አልፏል። ከእንግዲህ አዲስ መኪና የሚገዛ የከተማችን ልጅ የሚገዛው የኤሌክትሪክ ነው። አስተማሪው፣ ነጋዴው፣ አምቡላንሱ፣ ሚኒባሱ፣ ቀስ ብሎም ባጃጁ ወደዚያው መሄዳቸው አይቀርም። ውሳኔው የተወሰነው አዲስ አበባ ነው፤ የሚኖርበት ግን እዚህ ነው።

ባለፈው ጳጉሜ 4 ቀን የሕዳሴው ግድብ ሲመረቅ ከተማችን ውስጥም እልል ተብሏል። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። እናቴ ለዚያ ግድብ ቦንድ ገዝታለች፤ ወረቀቱን ሳጥን ውስጥ ከጋብቻ ወረቀቷ ጋር አብራ አስቀምጣዋለች። ያን ማታ ሻማ ስትለኩስ "የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸ ነው" ስትል ሰማኋት። ነገሩን ሳስበው ግን ያን ሌሊት የጎደለን የግድቡ ኃይል አልነበረም። ጉባ ላይ የሚዞረው ተርባይን የእናቴን ብሬከር አያውቀውም። ኃይል የሚያልቀው መጨረሻው ምሰሶ ላይ፣ መጨረሻው ትራንስፎርመር ላይ፣ ሦስት ቤት በሚካፈለው ቆጣሪ ላይ ነው። ያ መጨረሻው ምሰሶ ደግሞ በእናንተ እጅ ነው።

ብዙ ሰው ቻርጅ የሚለውን ቃል እንደ አንድ ነገር ስለሚወስደው ልዘርዝረው። በምጣድ እንለካው፤ ምጣድን የማያውቅ የለምና። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲሠራ ሦስት ተኩል ኪሎ ዋት አካባቢ ይወስዳል።

አንደኛው መንገድ የቤት ሶኬት ነው። ከመኪናው ጋር የሚመጣው ተንቀሳቃሽ ገመድ ከሁለት እስከ ሦስት ተኩል ኪሎ ዋት ይወስዳል፤ ቢበዛ አንድ ምጣድ ማለት ነው። ልዩነቱ ምጣድ ለሁለት ሰዓት ተጥዶ ይወርዳል፤ መኪና ግን ሌሊቱን ሙሉ ተጥዳ ታድራለች። 60 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ባዶ ቢሆን በሁለት ኪሎ ዋት ለመሙላት ከ30 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ቀጭን ሽቦና ርካሽ ኤክስቴንሽን ይህን ያህል ሰዓት ሲሸከም ይግላል፤ ሲግል ይቀልጣል፤ የእኔው ምስክር ነው። ቤቱ የራሱ ቆጣሪ፣ ደህና ሽቦና የመሬት መስመር ካለው ግን ሌሊት ቀስ ብሎ መሙላት ከሁሉም ርካሹና ለባትሪውም የሚስማማው ነው።

ሁለተኛው መንገድ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ቻርጀር ነው። በተለመደው 220 ቮልት ሰባት ኪሎ ዋት ይሰጣል፤ ሁለት ምጣድ። ያችኑ መኪና በዘጠኝ ሰዓት ይሞላታል። ማታ ገብታ ጠዋት ለምትወጣ መኪና ልኳ ነው። ይህን መሸከም የሚችል መስመር ከተማችን ውስጥ ዛሬም አለ፤ ወፍጮ ቤቶቹ፣ የእንጨትና የብረታ ብረት ሥራ ቤቶቹ፣ ትልልቆቹ ሆቴሎች ባለ ሦስት ፌዝ ናቸው። የወፍጮ ሞተር አራት ምጣድ የሚያህል ኃይል ይጎትታል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ይቆማል። ቀን ለእህል የዋለ መስመር ሌሊት ለመኪና ቢያድር አዲስ ምሰሶ መትከል፣ አዲስ ሽቦ መዘርጋት አያስፈልገውም።

ሦስተኛው ፈጣኑ ነው፤ መኪናው ውስጥ ያለውን መቀየሪያ አልፎ ቀጥተኛውን ጅረት በቀጥታ ለባትሪው የሚሰጠው። 60 ኪሎ ዋት የሚሰጥ ከሆነ ያችኑ ባትሪ ከ20 ወደ 80 ፐርሰንት ለማድረስ 40 ደቂቃ አካባቢ ይበቃዋል። ከ80 በኋላ ባትሪው ራሱ ፍጥነቱን ስለሚቀንስ መንገደኛ እስከ 100 አይጠብቅም፤ ነቅሎ ይሄዳል። ነገር ግን 60 ኪሎ ዋት ማለት 17 ምጣድ በአንድ ጊዜ መጣድ ነው። ይህን ከሰፈር ትራንስፎርመር ላይ የሚቀጥል ሰው የሰፈሩን በዓል ያጠፋል። ፈጣን ቻርጀር ከ15 ወይም ከ33 ኪሎ ቮልቱ መስመር የሚሳብ የራሱ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፤ ይህን ከእኔ ይልቅ የእናንተ ባለሙያዎች ያውቁታል።

እንግዲህ የትኛው ያስፈልገናል? ሁለቱም፤ ግን ለተለያየ ሰው ነው። ሌሊት የሚሞላው ለነዋሪውና ለበዓል እንግዳው፣ ፈጣኑ ለአላፊው መንገደኛ።

ስለ አላፊው መንገደኛ ትንሽ ልናገር፤ የከተማችን ኑሮ እሱ ላይ ነውና። 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ያላት መኪና በወረቀት ላይ ብዙ ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ይባላል። ሾፌር ግን ከ20 ፐርሰንት በታች ማውረድ፣ ከ90 በላይ እየጠበቀ መሙላት አይወድም። በመሐል የሚቀረው 42 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ቤተሰብና ዕቃ ጭኖ፣ ዳገቱን ወጥቶ፣ በ100 ኪሎ ሜትር 17 ወይም 18 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢበላ 240 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሄዳል። ከአዲስ አበባ እኛ ጋ ደርሶ መልስ 280 ነው። ለጥቂት አይደርስም! ወደ ሆሳዕና የሚያልፈውም ቢሆን ሲደርስ ጠርዝ ላይ ነው፤ ወላይታ ሶዶ፣ አርባ ምንጭ ለሚወርደውማ አንድ ቦታ መቆም ግድ ነው። ከተማችን ያለችው ሰው መቆም በሚኖርበት ቦታ ላይ ነው። ይህ ዕድል በገንዘብ አይገዛም፤ የመንገዱ ርዝመት የሰጠን ነው።

በልጅነቴ አውቶቡሶች ለምሳ እዚህ ነበር የሚቆሙት። መናኸሪያው ዙሪያ ያሉት ምግብ ቤቶች፣ የፍራፍሬ ሻጮቹ፣ የሊስትሮው ልጅ፣ የበርበሬ ነጋዴዎቹ በዚያች የምሳ ሰዓት ይኖሩ ነበር። መንገዱ እየተሻሻለ ሲሄድ መንገደኛው ሳይቆም ማለፍ ጀመረ። ነዳጅ መቅዳት አምስት ደቂቃ ነው፤ ከመኪናም አያስወርድም። የቻርጁ 40 ደቂቃ ግን መንገደኛውን ያስወርደዋል። ወርዶ ምን ያደርጋል? ይበላል፣ ቡና ይጠጣል፣ ለቤቱ አቮካዶ ይገዛል፣ ስልኩ ላይ ካርድ ይሞላል። ሾፌሮች የቻርጁን ቀርፋፋነት እንደ ጉድለት እናማርራለን፤ ለትንሽ ከተማ ግን ያ ቀርፋፋነት ሲሳይ ነው።

አሁን የሚነሱትን ተቃውሞዎች ልመልስ፤ ሁሉንም ከዘመዶቼ አፍ ሰምቻቸዋለሁ።

የመጀመሪያው "ውሃ በፈረቃ፣ መብራት በዕድል በሆነበት ለሀብታም መኪና ማን ያስባል?" የሚል ነው። ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ከአገራችን ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ገና መብራት አላየም፤ ከከተማችን ወጣ ብሎ ያለው ገጠርም ከዚሁ ውስጥ ነው። ስለዚህ አንድም ሰው ከመስመር ወጥቶ፣ አንድም ምጣድ ወርዶ መኪና ይሞላ አልልም። የምለው ይህን ነው፦ መኪኖቹ ቻርጅ ማድረጊያ ኖረም አልኖረም መጥተዋል። ቦታ ካላዘጋጀንላቸው እንደ እኔ በመስኮት እየገቡ የድሃውን መስመር ይሻማሉ። ለመኪናው የተለየ ቦታና የተለየ ሰዓት መስጠት ምጣዱን መጠበቅ ነው። በተረፈ ከቻርጅ የሚገኘው ገቢ አገልግሎት መስጫ ማዕከሉ ለሰፈር ትራንስፎርመር ማሳደጊያ የሚያውለው ተጨማሪ ገንዘብ ይሆነዋል።

ሁለተኛው "የግል ባለሀብት ይሥራው" ነው። ይሥራው፤ ደስ ይለኛል። ባለሀብቱን ግን ጠይቄዋለሁ። "መኪናው ይምጣና ቻርጀሩን እተክላለሁ" ይላል። ባለ መኪናው ደግሞ "ቻርጀሩ ይተከልና እመጣለሁ" ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ሁለቱም ቆመው ቀሩ። አዲስ አበባ ውስጥ ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ፈጣን ቻርጅ ማድረጊያ ከፍቶ ክፍያውን በቴሌብር ማድረግ ጀመረ። ትንሽ ከተማ ግን የሚቀድም እጅ ካላገኘች ተራዋ አይደርሳትም። መሬቱን የምታዘጋጁት፣ መስመሩን የምትስቡት እናንተ ስለሆናችሁ የሚቀድመው እጅ የእናንተ ነው።

ሦስተኛው "መብራት ሲጠፋስ?" የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ማደያ ጀነሬተር ይዞ ይቀዳል፤ ቻርጅ ማድረጊያ በጀነሬተር ቢሠራ ግን ናፍጣ አቃጥሎ የኤሌክትሪክ መኪና መሙላት ስለሆነ ጅልነት ነው። መንገደኛን የሚያጠፋው የመብራቱ መጥፋት ሳይሆን አለማወቁ ነው። "ማክሰኞ ከጠዋቱ 3 እስከ 9 ሰዓት ለጥገና ይቋረጣል" የሚል ማስታወቂያ ቀድሞ ከተለጠፈና በስልክም ከተነገረ ሾፌር ሌላ ቦታ ሞልቶ ያልፋል፤ ወይም ቀኑን ይቀይራል። ይህ ማስታወቂያ ደግሞ ለመኪና ብቻ አይጠቅምም፤ እህቴም ሊጥ ከማቡካቷ በፊት ብታውቀው ትወዳለች።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ አምስት ነገር ነው።

1ኛ፤ የወፍጮ ቤቱን ጥያቄ መልሱለት። የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን የቻርጅ ማድረጊያ ሥራን የሚመለከት መመሪያ አውጥቷል። መመሪያው ትልቁን ጣቢያ ምን እንደሚጠይቀው፣ ማታ ማታ ሁለት መኪና የሚያሳድረውን ባለ ወፍጮ ደግሞ ምን እንደሚጠይቀው በአንድ ገጽ፣ እናቴ በሚገባት አማርኛ ጻፉና በማዘጋጃ ቤቱ ሰሌዳ ላይ ለጥፉት። ማን ዘንድ ሄዶ፣ ምን ይዞ፣ በስንት ቀን እንደሚጨርስ ይጻፍበት። የማይፈቀድ ከሆነም "አይፈቀድም" ብላችሁ ለጥፉ፤ ቁርጡን ማወቅም መልስ ነው።

2ኛ፤ ለሌሊቱ ቻርጅ ሰዓትና ሥርዓት አብጁለት። ምጣድ ከወረደ በኋላ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ቢሆን የሚጎዳ የለም። ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት የእናንተ ቴክኒሻን ሄዶ ሦስት ነገር ይይ፦ የሽቦውን ውፍረት፣ ብሬከሩን፣ የመሬት መስመሩን። ክረምት ላይ የእኛ አገር መብረቅ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

3ኛ፤ መናኸሪያው አጠገብ ለአንድ ፈጣን ቻርጅ ማድረጊያ የሚሆን ቦታ ይከለል፤ የራሱ ትራንስፎርመር ይኑረው። ሲገዛ ሁለቱም አፍ ያለው ይሁን። ወደ አገራችን ከሚገቡት ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ስለሆኑ ጂቢቲ የሚባለውን የቻይናውን አፍ ይፈልጋሉ፤ ለአውሮፓ ገበያ የተሠሩት ደግሞ ሲሲኤስ ሁለትን። አንዱን ብቻ ይዞ የተተከለ ቻርጀር ለግማሹ መንገደኛ ምሰሶ ነው። ጥላ፣ መጸዳጃ ቤትና ማታ የሚበራ መብራት ይኑረው፤ ሴት ሾፌር ብቻዋን ቆማ ሳትፈራ የምትሞላበት ይሁን።

4ኛ፤ ሥራውን በማኅበር ለተደራጁ ወጣቶች ስጡ። መናኸሪያው ላይ ተራ የሚያስከብሩት ልጆች ሰልፍ መያዝ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ስልጠና ብቻ ነው የሚጎድላቸው፤ ገመድ አሰካክ፣ የክፍያ ሥርዓት፣ እሳት ቢነሳ መጀመሪያ የትኛው ማብሪያ እንደሚጠፋ። ዋጋውም በኪሎ ዋት ሰዓት ተሰልቶ በትልቁ ተጽፎ ይሰቀል፤ ለበዓል ሰሞን የሚጨምር ዋጋ እንዳይኖር።

5ኛ፤ ባጃጆቹን አትርሱ። በከተማችን ከመኪና የሚበዛው ባጃጅ ነው፤ ነዳጅ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚቆመውም እሱ ነው። የኤሌክትሪክ ባጃጅ ባትሪው ትንሽ ስለሆነ ለእሱ ከአንድ ምጣድ ያነሰ ኃይል የሚሰጡ አሥር ሶኬቶች፣ ቆርቆሮ ጣሪያና ዘበኛ ይበቁታል። ከሁሉም በትንሽ ወጪ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ይህ ነው። ከአምስቱ አንዱን ብቻ እንሠራለን ብትሉ እንኳ ይህን ምረጡ እላለሁ፤ የእኔ መኪና ወፍጮ ቤት ማደሯን ትቀጥላለች።

የገንዘቡን ነገር እንደማታልፉት አውቃለሁ። ለዚህ አንድ ያለፈ ነገር ላስታውሳችሁ። ይህ ደጃችን የሚያልፈው መንገድ ማን እንዳሠራው ሽማግሌዎቻችን ያውቃሉ። በ1950ዎቹ ከዓለምገና ተነስቶ ወላይታ ሶዶ የሚደርስ መንገድ ለማውጣት ማኅበር ሲቋቋም፣ አዲስ አበባ ወርደው በንግድና በጉልበት ሥራ የሚኖሩት የዚህ አገር ልጆች ከገቢያቸው አዋጡ፤ አገር ቤት ያለው ገበሬም አዋጣ። በጎረቤት ያሉት የጉራጌ አገር ልጆችም በዚያው ዘመን በራሳቸው የመንገድ ሥራ ድርጅት እንዲሁ አደረጉ። መኪና ያልነበረው ሰው መኪና ለሚያልፍበት መንገድ ብር ሰጠ። "ለሀብታም መኪና እኔ ምን አገባኝ" ያለ በዚያን ጊዜም አይጠፋም። ግን መንገዱ ሲወጣ መጀመሪያ የተሳፈረው የታመመ ልጁን ይዞ ሐኪም ቤት የሚሮጠው ድሃ ነው።

ዛሬም አዲስ አበባ ያለን የከተማዋ ልጆች ዕድር አለን፤ ለመስቀልና ለአረፋ ተጠራርተን የምንገባበት የስልክ ቡድን አለን። ባለፈው ሳምንት የወፍጮ ቤቱን ታሪክ ጻፍኩላቸውና እናንተ ቦታና መስመር ከሰጣችሁ ለባጃጆቹ ሶኬትና ጣሪያ ማዋጣት ትችላላችሁ ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። አንዱ "አባቴ መንገዱን አሠራ፤ እኔ ሶኬቱ ያቅተኛል?" ብሎ መለሰ። ሌሎቹ ገንዘቡን ለማን እንደሚሰጡ ይጠይቁኝ ጀመር። የምነግራቸው አላገኘሁም፤ ስለዚህ ነው ወደ እናንተ የጻፍኩት። የምታነጋግሩን ሰው ስሙና የቢሮ ቁጥሩ ይነገረን፤ የቀረውን እኛ እንመጣለን።

ቀጠሮ ለመያዝ አያስቸግርም። አረፋ ግንቦት ላይ ነው፤ የሚመጣው መስቀልም ዓመት ሳይሞላው ይደርሳል። በዚያ መሐል መመሪያው ሰሌዳ ላይ ቢለጠፍ፣ ወፍጮ ቤቱ ፈቃዱን ቢያገኝ፣ መናኸሪያው አጠገብ አንድ ምልክት ቢተከል ብዙ ሥራ ሠራን ማለት ነው። እናቴ ግን ከእናንተ የምትጠብቀው ከዚህ ያነሰ ነው። ደብዳቤውን ሳነብላት እስከ መጨረሻው ሰማችኝና "ጨርሰሃል? እንግዲህ አንድ ነገር ጨምርበት፤ ለመስቀል ስትመጣ መኪናህን ወፍጮ ቤት አሳድረህ በእግርህ ግባ" አለችኝ። እነሆ ጨመርኩ።

ከሰላምታ ጋር፣
የቅቤ ነጋዴዋ ልጅ

ግልባጭ፦
ለከተማችን ነዋሪዎች በሙሉ
ለመናኸሪያው ተራ አስከባሪዎችና ለባጃጅ ሾፌሮች
ለባለ ወፍጮው (የ30 ኪሎ ዋት ሰዓቱ ሂሳብ ላይ የላብህን አልተቀበልከኝምና አሁንም ዕዳ አለብኝ)
በጨለማ ላደሩት ሁለቱ ጎረቤቶቻችን፣ ከይቅርታ ጋር